ጊታር ሳይጠመድ አይገዛም

የአባቴ ጆሮ ከደነዘዘ ወዲህ በእህቴ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ቀርቷል። እሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ከከንፈራቸው ብዙም አይርቅም፤ የሚመልስላቸው ሰው ግን ማዶ ተረተር ላይ ያለ ሰው እንደሚጣራ መጮህ አለበት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ስለ እኔ የተያዘውን ምክር የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ግቢውን የሚጋሩን ተከራዮችም፣ በር ላይ ባጃጅ የሚጠብቀው መንገደኛም ሰምቷል።

«አባዬ! መሳፍንት እንዳይሰማ ነው የምልዎ!» ብላ ጮኸች እህቴ ዘመናይ። «የወይፈኑን ብር ለጌቱ ይስጡት! ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ያድርገው! ለመሳፍንት ከሰጡት እንጨት ነው የሚገዛበት፣ እንጨት!»

አባቴ የመለሱት አልተሰማኝም። በዚያ ቤት የእኔ ዕጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ክሱን እሰማለሁ፣ ፍርዱን አልሰማም።

ወይፈኑ የእኔ ነው። ክርስትና ስነሳ የክርስትና አባቴ ወልደ ሰንበት አንዲት ጥጃ ሰጥተውኝ ነበር። ጥጃዋ ላም ሆነች፣ ወለደች፣ አረጀች፤ ከዘሯ የቀረው ይህ አንድ ወይፈን ነበር። አባቴ ባለፈው ሳምንት ደብረ ኤልያስ ገበያ አውጥተው ሸጡት፤ ትናንት መንገዱ ተከፈተ ሲባል ብሩን ይዘው ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጆሮ ቀጠሮም ነበራቸው። ሐኪሙ ለጆሮ የሚደረግ መሣሪያ አዲስ አበባ እንደሚገኝ ነግሮ ሸኛቸው፤ እሳቸውም «ደግ» ብለው ወጡ። የሰሙት አይመስለኝም።

ዘመናይን ክፉ ናት አልልም። ከገጠር አውጥታ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ የተኛሁት በእሷ ጓዳ፣ የበላሁት ከእሷ ሌማት ነው። ባሏ ጌቱ የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነው፤ የቀኑን ገቢ ለባለቤቱ ካስረከበ በኋላ የተረፈችው ለቤቱ ትሆናለች። የራሳቸው ባጃጅ ቢኖራቸው ይህ በኮምፔርሳቶ የተከፈለ አንድ ክፍል እውነተኛ ሁለት ክፍል ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ተማሪ ሊያሳትም ከሰጠኝ ፍላሽ ውስጥ አንድ ዘፈን ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ጥቁር ሰው ከአንድ ጊታር ጋር። አንድ ስንኝ ይላል፤ ያንኑ ስንኝ ይደግመዋል፤ በሦስተኛው ይፈታዋል። ጊታሩ ደግሞ በየመሃሉ እየገባ ይመልስለታል። ቋንቋው ባይገባኝም ነገሩ ገባኝ፤ አባቴ እርፍ ጨብጠው ከበሬዎቻቸው ኋላ ሲሄዱ ያንጎራጉሩት የነበረው ነው። ተማሪውን ጠየቅኩት፤ «ብሉዝ ይባላል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቷ በጎበጠ፣ ተመርቆ የሄደ ልጅ በተወልኝ ቦክስ ጊታር ጓዳ ገብቼ ስታገል ኖሬያለሁ። አባቴ ጆሯቸው ከደነዘዘ በኋላ ማንጎራጎሩን ተዉት። «የሚቀበለኝን ሰው ካልሰማሁ ለማን ነው?» አሉ ይባላል። እኔም ስጫወት አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም።

ከጓዳ ስወጣ ሁሉም ዝም ብለው ሻይ በዳቦ ይበላሉ። ያን ያህል ከተጮኸ በኋላ ማንም ምንም እንዳልተባለ ሆኖ ዳቦውን ይቆርሳል፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ። ጌቱ ብቻ አልቻለም። ልገዛው በምመኘው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር የምትሆነውን ድምፅ ለቃሚ ማግኔት ሰው ፒክአፕ እንደሚላት አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር።

«እና ፒካፕ ነው የምትገዛው?» አለኝ። «እኛ ባጃጅ አቃተን፣ አንተ ፒካፕ!»

«ባለ አንድ ፒክአፕ» አልኩት።

«ሁለተኛውን ለመለዋወጫ አስቀምጥልኝ እንጂ!»

ዘመናይ ሳትፈልግ ሳቀች። አባቴ የሁላችንንም አፍ በየተራ አዩና ዱላቸውን አነሡ። «ተነሥ፤ እንየው» አሉ በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው። «ከብት ያለ ሽማግሌ አይገዛም። ደግ ከሆነ ይገዛል፤ የተረፈው ለጌቱ ይሆናል። ደግ ካልሆነ ሁሉም ለጌቱ። እኔ ነገ ጠዋት መንገደኛ ነኝ።» ፍርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት።

በሰፈራችንም በገበያውም መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ተዘግቷል፤ ሥራ ስለሌለኝ ነው በሥራ ቀን ከአባቴ ጋር ገበያ የምወርደው። ሌሊት የዘነበው ዝናብ አስፋልቱ ዳር ጭቃ አቁሯል። ባንኮቹ በር ላይ ጀኔሬተር ያጓራል፤ እኔ ጆሮዬን ስይዝ አባቴ ለምን እንደያዝኩ ገርሟቸው አዩኝ። በመንገዱ ላይ አልተነጋገርንም። ልነግራቸው የምፈልገው ነገር ሁሉ ገበያ መሃል የሚጮህ አልነበረም፤ የማይጮህ ነገር ደግሞ ከእሳቸው ጋር ማውራት ካቆምን ስድስት ዓመታችን ነው።

የሱሩር ሱቅ ከገበያው ጀርባ ነው። ስልክ፣ ስፒከር፣ የቴሌቪዥን መቆሚያ ይሸጣል፤ ሁለቱ ጊታሮች ባሕር ዳር ከተዘጋ አንድ ክለብ ከሌላ ዕቃ ጋር ጠቅልሎ ያመጣቸው ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ በየቅዳሜው እየሄድኩ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው ቀይ ነው፤ እንደ አዲስ መኪና ያብለጨልጫል፤ ሦስት ማግኔት፣ ሦስት መዘውር፣ ድምፁን አምስት ቦታ የሚቀይር ማርሽ የሚመስል ነገር አለው፤ ዋጋው ሠላሳ ስድስት ሺህ። ሁለተኛው ጥቁር ነው። ቀለሙ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ ተፍቆ እንጨቱ ይታያል፤ ያለው አንድ ማግኔት፣ ሁለት መዘውር፤ ሃያ ዘጠኝ ሺህ። ልቤ ከጥቁሩ ጋር ነው። ዛሬ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኔ ወደ ቀዩ ሸሸ። ያን ይዤ ብገባ ዘመናይ ቢያንስ ብሩ የት እንደገባ ይታያታል ብዬ አሰብኩ።

«መጣ የጥቁሯ እጮኛ!» አለ ሱሩር ከባንኮኒው ማዶ። አባቴን ሲያይ ቶሎ ተነሣና ወንበር አቀረበ። «አባባ፣ ይቀመጡ። ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ ሁለት ወር እያየ ሳያገባ! ይኸው ቀዩ፤ ሦስት ነው፣ የፈለገውን ድምፅ ያወጣል።»

አባቴ አልተቀመጡም። ከሁለቱ ጊታሮች ራቅ ብለው ቆመው፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያይ፣ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎን አዩአቸው። ከዚያ ቀዩን አወረዱና አንገቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ በሁለት እጃቸው መዘኑት። ቀጥሎ ያደረጉትን እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ አይቼው ነበር፤ ግን ረስቼው ነበር። ጆሯቸው እንቢ ማለት ከጀመረ ወዲህ ሞፈር ሲመርጡ የእንጨቱን አንድ ጫፍ ከጆሯቸው ሥር መንጋጋቸው ላይ ያስደግፉና ሌላውን ጫፍ በጣታቸው አጥንት ያንኳኳሉ። ውስጥ ለውስጥ የተሰነጠቀ ሞፈር በእርሻ መሃል ይሰበራል፤ ስንጥቁን ዓይን አያየውም። ቀዩን ጊታር እንደዚያው መንጋጋቸው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው አናቱን አንኳኩ። ቢልቂስ፣ ከጎን ባለው ሱቅ ሻሽና አንሶላ የምትሸጠው ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ሱሩር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ወለሉ።

አባቴ ደግመው አንኳኩ፣ ፊታቸው ተኮማተረ፤ አንገቱና ገላው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ላይ ተሰብሮ ያውቃል» አሉ።

«እንደ አዲስ ነው እኮ አባባ!»

«ምን አለ?»

«እንደ አዲስ ነው ይላል!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀለሙ አዲስ ነው። ገልብጠውና እየው።»

ሱሩር ገለበጠው፤ የስልኩን መብራት አብርቶ ከጀርባው ያለችውን ብረት በመፍቻ ፈታ። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በሙጫ የተሞላ መስመር ነበር። ሱሩር መስመሩን በጥፍሩ ፋቀው። «ወላሂ አላወቅኩም» አለ፤ ፊቱ ላይ እንዳላወቀ ይታይ ነበር። ቢልቂስ ሳቀች፤ «ሱሩር፣ እኒህን አባት ስልክ ሲመጣልህ ጥራቸው! የተከፈተውን ካልተከፈተው ይለዩልሃል!»

ቀጥለው ጥቁሩን አነሡ። ከመንጋጋቸው ሥር አስደገፉት፤ አንኳኩ። እንደገና አንኳኩ። በዚህኛው ላይ ቆዩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ሰው በስም ጠርቷቸው ማን እንደሆነ ለመለየት እንደሚሞክሩ ሆነው ቆዩ። «ይሄ ሙሉ ነው» አሉ ሲያወርዱት። «ያኛውን ሦስት ቦታ ለምን ቆፈሩት? የዚህ ጉድጓዱ አንድ ነው።»

ስለዚህ በገበያው መሃል፣ ሁለት ወር ለራሴ ብቻ ሳወራ የኖርኩትን ነገር በጩኸት ማስረዳት ነበረብኝ። «አንድ ይበቃል አባዬ! ያኛው ድምፁን መቀየር ሲፈልግ ማርሽ ይቀይራል! ይሄ ምንም የሚቀየር ነገር የለውም! የሚቀይረው እጅ ነው! ጣት ጠበቅ ሲያደርገው ይቆጣል፣ ላላ ሲያደርገው ያለቅሳል! የምወደው ጨዋታ እንዲህ ነው!» አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኝ ጀመር፤ አንዱ ከብት አቅራቢ «እውነቱን ነው» አለ፣ ስለ ምን እንደማወራ ሳያውቅ።

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «እንደ እርፍ ነው በለኛ» አሉ። «እርፍም አንድ ነው። የሚያርሰው እጅ ነው።» ከዚያ ወደ ሱሩር ዞረው፣ «ይጠመድ» አሉ።

ሱሩር አልገባውም። እኔ ነገርኩት፤ በእኛ አገር በሬ ሳይጠመድ አይገዛም፤ ገዢው ወስዶ ያርስበታል፣ ካላረሰ ይመልሳል። ሱሩር እጁን ወደ ጣሪያው አምፖል ዘረጋ፤ «በምን እንጥመደው አባባ? መብራት የለ! ለጀኔሬተር ቤንዚን ከየት ላምጣ?» አባቴ ግን ገበያቸውን ያውቃሉ። ብሩ ሱሩር ዘንድም እሳቸው ዘንድም አይሆንም፤ ዋስ ዘንድ ይቀመጣል። ዋሷ ቢልቂስ ሆነች። ነገ ጠዋት አባቴ ወደ መናኸሪያ ከመሄዳቸው በፊት ጊታሩ ካረሰ ብሩ ለሱሩር፤ ካላረሰ ጊታሩ ይመለሳል። ቢልቂስ ብሩን በሻሽ ቋጥራ መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ «የጊታር ዋስ ሆኜ ልሙት!» እያለች ነበር። ሱሩርም ለሙከራ ብሎ ጡብ የምታክል አሮጌ አምፕሊፋየር ጨመረልን። ጥቁሩን ስረከብ ክሮቹን በአውራ ጣቴ ነካ ነካ አደረግኋቸው፤ የሁለተኛዋ መቃኛ ይንሸራተታል፣ ክሯ ትላላለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ስንጥቅ ለሚፈልጉ ሰው እንከን አይነገርም።

የቀረው የእኔና የመብራት ኃይል ጉዳይ ነበር። አምፕሊፋየሩን ማከፋፈያው ላይ ሰክቼ፣ ማብሪያውን አብርቼ፣ ፊቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት እያየሁ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አባቴ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ አንገታቸውን እያስገቡ ያዩኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሳቸውም ይመለሳሉ። ዘመናይ ምስር እየለቀመች በአጠገቤ ታልፋለች፤ አንዴ ጊታሩን በጨርቅ ወለወለችው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጌቱ ገባ። መብራት ኃይል ያደረሰው ተሳፋሪ እንደነገረው ትራንስፎርመሩ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሲነግረኝ አልቀለደም፤ እንዲያውም ዓይኔን ሸሸ። ባጃጁ የእሱ መሆን የጀመረው በዚያች ደቂቃ ነበር፤ ደስታውን ሊያሳየኝ አልፈለገም።

«እስቲ እንዲሁ ተጫወተው» አለች ዘመናይ። «ያለ መብራት ምንም የለውም?»

ተጫወትኩት። የኤሌክትሪክ ጊታር ገላው ድፍን እንጨት ነው፤ እንደ ቦክስ ጊታር ሆዱ ባዶ አይደለም፣ ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ነው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አቀኑ። ጌቱ ራሱን ነቀነቀ። «አይሰማም» አለ በቀስታ።

«ወይ ጉድ» አለች ዘመናይ፣ ሳትጮህ፤ «ለደንቆሮ አባት ዲዳ ጊታር።» ካለችው በኋላ ደንግጣ ወደ በሩ አየች። አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። አልሰሙም፤ ግን የሦስታችንን ፊት አይተዋል፤ ፊት ደግሞ ከእኛ ሁሉ አብልጠው ያነባሉ። ገብተው ከአጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጣቶቼን አዩ። ከዚያም፣ ያዘነ ሰው ትከሻ እንደሚመቱ፣ የጊታሩን ገላ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እንጨቱስ ደግ ነበር» አሉ። «ጠዋት ስንመልሰው ለዚያች ለዋሲቱ አመሰግናለሁ በልልኝ።»

መታ መታ ሲያደርጉት ንዝረቱ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የሱሩር ሱቅ ውስጥ፣ ሱሩርም ቢልቂስም እኔም ያልሰማነውን ስንጥቅ የሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ምንም አልጮህኩም። ወደ እሳቸው ተጠጋሁ፤ ጊታሩን ጭኔ ላይ ቀና አድርጌ፣ የገላውን ቀንድ የመሰለ ጫፍ ወደ ፊታቸው አዞርኩና በጣቴ መንጋጋቸውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ ሞፈር እንደሚፈትሹ፣ መንጋጋቸውን ከጆሯቸው ሥር እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ጢማቸው ክንዴን ነካው። አንዷን ወፍራም ክር መታሁ።

እንደ ተጠራ ሰው ቀና አሉ። አዩኝ። መልሰው ጎንበስ አሉ፤ አሁን በደንብ ተደገፉ፣ በአንድ እጃቸው ጊታሩን ያዙት። ተጫወትኩ። አንዱን ስንኝ አልኩት፤ ያንኑ ደገምኩት፤ በሦስተኛው ፈታሁት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣቴ መፋቅና የዝንቧ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዘመናይና ጌቱ ቆመው ምንም የማይሰማ ነገር ያያሉ። አባቴ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጨብጧል፣ እርፍ እንደያዘ እጅ፤ ስንኙ ሲዞር እጁም አብሮ ይዞራል፣ ትልም ጫፍ ላይ ደርሶ በሬ እንደሚመልስ ሰው። ዘመናይ አንዴ አፏን ከፍታ ልትጮህ ነበር፤ አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን አነሡባት። በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልነበረም። ሁለተኛውን ዙር ጀመርኩ፤ በመሃሉ አንድ ቦታ ላይ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ያንኑ ቦታ ደገምኩት። ቅንድባቸው እንደገና ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡና፣ መንጋጋቸውን ከእንጨቱ ሳያነሡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሁለተኛዋን ክር በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ ላልታለች» አሉ። «አጥብቃት።»

ከሱሩር ሱቅ ጀምሮ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መቃኛውን አጠበቅኩት፤ ክሯ ቦታዋን ስትይዝ በራሳቸው እሺ አሉ፤ በጣታቸውም «ቀጥል» አሉኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ዘመናይ ዞርኩ።

«ምን አሉ?» አለች ዘመናይ። በሹክሹክታ ነበር የጠየቀችኝ፤ የእሷን ሹክሹክታ መቼ ሰምቼ እንደማውቅ አላስታውስም።

«ላልታለች አሉ።»

ፊቷን ወደ ጌቱ አዞረችና እጁን ይዛ፣ ከወለደች ሴት ቤት የምሥራች ይዛ እንደመጣች ጎረቤት፣ «ላልታለች አሉ!» አለችው።